የአስማረ መኪና በአዲሱ ላፕቶፕ

በዚህ ሥራ በመጀመሪያ ቀኔ ማሽን ጋቢ አለበስሁ።

አቶ ደሳለኝ የሚባል ሰው ደባርቅ ላይ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የኮምፒውተር ማስተማሪያ ቤት ከፍቶ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ራዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ትምህርቴ ዳዊት መድገም ነው፤ ዘመናዊውን በማታ ጥቂት ሞክሬ ተውሁት። እሱ ግን ካቻቢቴና ቴስተር የያዘ ሰው ሌባም ይጠብቃል፣ ገመድም ይቀጥላል ብሎ አሰበና ቀጠረኝ። ማዕረጌ ዘበኛ ነበር፤ ሥራዬ ግን እያደር ሁሉንም ሆነ።

ያን ቀን አንዱን ማሽን ሥራ አስጀምሮ፣ እስኪጨርስ እንዳልነካው ነግሮኝ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ የደባርቅን የጥቅምት ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል። ከማሽኑ ኋላ ባልፍ ነፋስ እጄን ነካኝ። በመስኮቱ ስንጥቅ የገባው ብርድ በማሽኑ ሆድ አልፎ የሚወጣ መሰለኝ። የራዲዮ ባትሪ በብርድ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቼ የማነቃ ሰው ነኝና አዘንሁለት። ጋቢዬን አውልቄ ከአናቱ እስከ እግሩ ጠቀለልሁት።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። ሞቆት የተኛ መሰለኝ። አቶ ደሳለኝ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አየውና፣ ማን ነው የታመመው ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ጋቢውን ገፎ፣ ያ ነፋስ የማሽኑ ትንፋሽ እንደሆነ፣ ማሽን በብርድ እንደማይሞት፣ የሚገድለው ሙቀት እንደሆነ አስረዳኝ። አልተቆጣም። ማሽኑም ሲበርድለት ተነሣ። እኔ ግን ግራ ገባኝ። በራዲዮ ልክ የነበረው ነገር እዚህ ስሕተት ሆነ። ያ ግራ መጋባት በሥራ ዘመኔ ሁሉ አልለቀቀኝም፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ትልቁን ነው።

የጽሕፈት ተማሪው እየሳሳ ሲሄድ አቶ ደሳለኝ ከጎንደር ጨዋታ በሲዲ እያመጣ መጫን ጀመረ። ከመጡት ሁሉ ከተማውን የያዘው አንድ የጭነት መኪና ጨዋታ ነው። ስሙ በፈረንጅ አፍ ተጽፎበታል፤ በዚያ የጠራው ሰው የለም። መኪናው በተራራ ጥግ በጠመዝማዛ መንገድ ይወርዳል፤ በግራ በኩል ገደል ነው፤ ታች ድልድይ አለ። ልጆቹ አንድ ጊዜ አይተው ሊማሊሞ አሉት፤ ከደባርቅ ወደ ቆላው የሚያወርደውን የገደል መንገድ ማለታቸው ነው። ዛሬ ብታዩት ትስቃላችሁ። መኪናው የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ ዛፎቹ የተደረደሩ ጡቦች ናቸው። ያን ጊዜ ግን ልጆቹ በመታጠፊያው ላይ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ተራራው ያጋድሉ ነበር።

የጠዋት ሥራዬ ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ አቧራውን በብሩሽ እጠርጋለሁ። ቀጥሎ ስታቢላይዘሩን አበራለሁ፤ ቀስቱ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ከዚያ ስክሪኑን፣ በመጨረሻ ሲፒዩውን። ጨዋታው ሲነሣ ማንም ሳይነካው መኪናው ራሱ አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ እንዲህ ነው የምትነዱት ብሎ ለማሳየት ነው። ያ የኔ የጸሎት ጊዜ ነበር። መኪናው ከአናቱ ሲነሣ አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ፤ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን አስከትላለሁ፤ አሜን ስል ጎማው ድልድዩን ይረግጣል። ዓመት ከዓመት እንዲያው ነበር። ከዚያ በሩን እከፍታለሁ።

ከልጆቹ መካከል አንድ ትልቅ ሰው ይመጣ ነበር፤ አስማረ ይባላል። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከጎንደር ሽሬ ሲመላለስ እውነተኛውን ሊማሊሞ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ። ረዳቱ መናኸሪያው ላይ ተሳፋሪ ሲጠራ እሱ እኛ ዘንድ ገብቶ የሐሰቱን መኪና ይነዳል። እኩያዬ ስለሆነ የምንጠራራው በስማችን ነው። ቀን ሙሉ የዋልህበትን ሥራ ደግመህ ለምን ትሠራለህ ብዬ ጠይቄው ነበር። እዚህ ገደል ብገባ የማንም እናት አታለቅስም አለኝ። ግን እዚያም ገደል ሲገባ አላየሁትም። ልጆቹ ዝግታውን እያዩ፣ ጋሼ ቀብር ሊሄዱ ነው እንዴ ይሉታል። የምሄደውማ ቸኩሎ የነዳውን ሰው ቀብር ነው ይላቸዋል።

በኋላ ስልኩ መጣ። ልጁ ሁሉ ጨዋታውን በኪሱ ይዞ መዞር ሲጀምር ቤቱ ባዶ ሆነ። አቶ ደሳለኝ ዘግቶ ወደ ጎንደር ሲዛወር የሊማሊሞውን ማሽን መርቆ ሰጠኝ። እኔም ራዲዮ፣ የእጅ ባትሪና ቻርጀር ወደምጠግንባት ትንሽ ሱቄ ወሰድሁት። አስማረ ጡረታ ከወጣ በኋላም እየመጣ ይነዳ ነበር።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከልክ በላይ በርትቶ መጣ። ማሽኑ ከውስጡ ጢስ አወጣ። ከፍቼ ባየው ዋናው ቦርድ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አብጠው ፈንድተዋል። የራዲዮ ካፓሲተር ስቀይር የኖርሁ ነኝና ፈትቼ ቀየርሁ፤ አልተነሣም። ጨዋታው ያለበትን ሃርድ ዲስክ ፈታሁና በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁ። ምን ላደርገው እንደሆነ አላውቅም፤ መጣሉን ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ከዚያ አስማረን ስትሮክ መታው። አንደበቱ ቶሎ ተመለሰለት፤ እግሩም በከዘራ ሄደለት። ቀኝ እጁ ግን ቀረ። ጎንደር ያየው የሕክምና ባለሙያ፣ ጣቶቹን በየቀኑ ካላሠራ እጁ ደርቆ እንደሚቀር፣ የሚድንበትም ጊዜ አሁን እንደሆነ ነግሮ የሚጨመቅ የላስቲክ ኳስ ሰጠው። አስማረ ኳሱን ለጎረቤት ልጆች ሰጣቸው። በጉልምስናዬ መሪ የጨበጥሁበትን እጅ በስተርጅና ኳስ ላጫውትበት ነውን አለ። ከዚያ ወዲያ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ግድግዳ ሲያይ ይውል ጀመር።

ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ አለችው፤ ዳባት ላይ አስተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ አዲስ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዛ ሱቄ መጣች። አባቷ ከታመመ ወዲህ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ያ የውበቱ መኪና ዛሬም ይኖር ይሆን ብሏል። ውበቱ እኔ ነኝ። መኪናው የሚነዳው በቀስት ቁልፎቹ ነው፤ ቀስቶቹ ደግሞ ከኪቦርዱ በስተቀኝ ናቸው።

«ጋሽ ውበቱ፣ ኳሱን እምቢ አለኝ» አለች። «ለዚህ መኪና ግን ጣቱን ያነሣ ይሆናል። ይችላሉ?»

እችላለሁ አልሁ። በምን እንደምችል አላሰብሁም።

መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካበት ቀዳዳ አጣሁ። ዙሪያውን አገላብጬ ባየው የሚገባበት የለም። ከድሮ ደንበኞቼ አንዱ ሀብታሙ ጎንደር ላይ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ልጅ ሳለ ከሊማሊሞው ወንበር አይነሣም ነበር። ደወልሁለት። የዲስኩን ጥርስ ዓይነት ጠይቆኝ፣ ማገናኛ ገመድ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከልኝ። ዲስኩ ሲሰካ እንደ ድሮው ጉር ጉር አለ። ያን ድምፅ ስሰማ ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

ጥሩወርቅ ጨዋታውን ወደ ላፕቶፑ ቀድታ ነካችው። ትንሽ ሣጥን በጽሕፈት ተሞልታ ብቅ አለች። አንብባ ነገረችኝ፤ ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ አይችልም ይላል። ደግማ ነካችው። ያንኑ አለ።

ይህ ላፕቶፕ ከድሮው ማሽን ይበረታል ወይስ ይደክማል ብዬ ጠየቅኋት። እጅግ ይበረታል፣ አይወዳደሩም አለችኝ። ታዲያ ደካማው ለዓመታት የተሸከመውን ብርቱው እንዴት አልሸከምም አለ? ጠና ያለ በቅሎ አንድ ቁና ገብስ አቃተኝ እንደማለት ነው። ሀብታሙን በስልክ ስጠይቀው አቅም አንሶት እንዳልሆነ፣ አዲሶቹ ማሽኖች የድሮውን አነጋገር እንዳልተማሩ ነገረኝ። ግዕዝ ላልተማረ ሊቅ ግዕዝ ብታነብለት ሊቅነቱ አያድነውም ማለት ነው አልሁት። እንደዚያው ነው ጋሼ አለ።

መፍትሔው ከሕመሙ የባሰ ግራ አጋባኝ። አዲሱን ማሽን አሮጌ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም አለ አለኝ። አዲሱ ውስጥ አንድ አሮጌ ማሽን እንሠራለን፤ ጨዋታው ያንን ብቻ ስለሚያይ ዘመን እንደተለወጠ አያውቅም። ቤት ውስጥ ቤት መሥራት ነው። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ውድ ዕቃ ገዝቶ አሮጌ ለመምሰል ደግሞ ይለፋል ወይ?

ጥሩወርቅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሀብታሙ የሚላትን እየጻፈች ጫነችው። ጥቁር ስክሪን መጣ፤ ነጭ ፊደል ወጣበት። አንድ ቃል ጻፈች። መኪናው መጣ። ግን ምን ዓይነት መኪና! ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ መኪናው ወደ ጎን ተለጥጧል፤ ዛፎቹም ወይን ጠጅ ሆነዋል። ሀብታሙ የምስሉን ቅርጽ የሚመልሰውን ትእዛዝ ነገራት፤ አስተካከለችው። ዛፎቹ ግን እንደዚያው ቀሩ። ይሁን አልሁ። ደስታዬን መያዝ ስላልቻልሁ አስማረን ዛሬውኑ አምጪው አልኋት። የማሳያውን ጉዞ እንኳ ረግቼ አላየሁትም ነበር።

አስማረ በከዘራው እየተደገፈ መጣ። ተቀመጠ። ቀኝ እጁን በግራ እጁ አንሥቶ፣ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስቶቹ ላይ አስቀመጠው። በግራህ ብትነዳስ ብዬው ነበር፤ ማርሽ በቀኝ ነው ብሎ ዘጋኝ። ዛፎቹን አይቶ፣ ደጋው ሁሉ እንዲህ ሲያብብ የት ነበርሁ አለ። ከታመመ ወዲህ ሲቀልድ ልጁ የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

አንዷን ጣት እንደምንም ገፍቶ ነካ። መኪናው ጠፋ። ገደል ውስጥ ነው። እንደገና አስነሣንለት። ጣቱ ቁልፉን ከመንካቱ መኪናው ገደል ገብቷል። ሦስተኛም ሞከረ። ዓይናችን እንኳ አልተከተለውም።

«ፍሬን የለውም» አለ። እጁን እያየ፣ «ወይም እጄ የለም» አለ።

እጁን አንሥቶ ጋቢው ውስጥ መለሰና ሄደ። በማግስቱ ጥሩወርቅ ደውላ፣ አሁን ደግሞ ላጥብልህ ብትለው እንኳ እጁን እንደማያወጣላት ነገረችኝ። የባለሙያው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ፤ የሚድንበት ጊዜ አሁን ነው።

ሀብታሙን ደውዬ ጠየቅሁት። ጨዋታው የራሱ ሰዓት የለውም አለኝ። ማሽኑ በሄደበት ልክ ይሄዳል፤ የድሮው ማሽን ዝግ ያለ ስለነበረ ፍሬኑ ያ ነበር። ጨዋታውን የሠራው ሰው ለምን ፍሬን አልሠራለትም አልሁት። በዘመኑ የነበረው ማሽን ሁሉ ዘገምተኛ ነበር፣ ሌላ ይመጣል ብሎ አላሰበም አለ። ይህን ስሰማ ለሠሪው አዘንሁለት። በቅሎዋን ያዘገማት ጭነቷ ነበር ማለት ነው፤ ጭነቱ ሲወርድላት ጋለበችና ጌታዋን ጣለች።

መድኃኒቱ ሁለት ቁልፎች ናቸው። ኮንትሮልን ይዘህ ኤፍ አሥራ አንድን ስትነካ ይዘገያል፤ ኤፍ አሥራ ሁለትን ስትነካ ይፈጥናል። እስከ ምን ድረስ ላዘግየው ብዬ ስጠይቀው፣ ማሽኑን በየቀኑ ያዩት እርስዎ ነዎት፣ ዓይንዎ ይፍረድ አለኝ።

ዓይኔ አልፈረደም። አንድ ጊዜ ልክ ይመስለኛል፤ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ የፈጠነ ይመስለኛል። ዝቅ አደርጋለሁ፤ ደግሞ የቆመ ይመስለኛል። እንዲህ ስዋልል ሰነበትሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጸሎቴ ትዝ አለኝ። የማሳያው ጉዞ እንደሆነ አይለወጥም፤ ጸሎትም አይለወጥም። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ከየት ይመጣል? ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ መኪናውን ለቀቅሁና አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁ። ሳልጋመስ ድልድዩ ላይ ደረሰ። ዝቅ አደረግሁ። አሁንም ቀደመኝ። ዝቅ አደረግሁ። አሁን እኔ ጨርሼ መኪናው ገና መንገድ ላይ ሆነ። አንድ ከፍ አደረግሁ። አሜን ስል ጎማው ድልድዩን ረገጠ። ደገምሁት፤ ረገጠ። ተነሥቼ ሰገድሁ።

አስማረ ግን አልመጣም አለ። ቤቱ ሄድሁ። ግድግዳውን እያየ ነው። ጥፋቱ የማሽኑ እንደነበረ፣ እጁ ምንም እንዳላጠፋ፣ አሁን ፍሬኑ እንደተገኘ ነገርሁት። ለበሽተኛ ብላችሁ አቅልላችሁት ከሆነ አልመጣም አለኝ።

«በድሮው ልክ ነው» አልሁት። «በጸሎቴ ለክቼዋለሁ። ጊዮርጊስን!»

ፊቴን ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ከዘራውን አቀብለኝ አለ።

በመጀመሪያው ቀን አንደኛው መታጠፊያ ላይ ገደል ገባ፤ ግን ነድቶ ነው የገባው። ልዩነቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በማግስቱ ራሱ መጣ። መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው ክንዱን በሙሉ ነው፤ ጣቶቹ ተከትለው ይጎተታሉ። እያደር መሐል ጣቱ ለብቻዋ መነሣት ጀመረች፤ ከዚያ ሌባ ጣቱ። እኔ በአንድ ጥግ ራዲዮዬን እበይዳለሁ፣ እሱ በሌላው ጥግ ይነዳል። አንዳንድ ጊዜ እጁ ይዝልና መኪናውን ዳር አስይዞ ያሳርፈዋል። አንድ ቀን አበባማውን ደጋ ጨርሶ ድልድዩን ተሻገረ። ጥሩወርቅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ አባቷ ሻይ የያዘው በቀኝ እጁ ነው። ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹም ልብሱ ላይ ፈሷል። እሷ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሀብታሙ የዘመዱን ተዝካር ሊበላ ደባርቅ መጣና ሱቄ ገባ። አስማረ ያን ጊዜ አልነበረም። መኪናውን ሲያይ እንደ ልጅ ሆነ፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ትንሽ ነዳና ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ይኼ እየዳኸ ነው» አለኝ።

በጸሎት እንደለካሁት ነገርሁት። በጸሎት ላይ ምን ይበል። ቢሆንም ጣቶቼ ያስታውሳሉ አለ። ድሮ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መተንፈሻ ጊዜ አልነበረኝም፤ አሁን እያዛጋሁ አለፍሁት አለ። ልጅ ሆነህ ሁሉ ነገር ፈጣን ይመስላል፣ ወንዙስ ቢሆን ልጅ ሳለህ አይሰፋም ነበር ወይ አልሁት። ሊሆን ይችላል አለ። እኔ እሱን አላሳመንሁት፤ እሱም እኔን አላሳመነኝም። ተሳስመን ተለያየን።

እሑድ ቅዳሴ ሄድሁ። በመጨረሻ ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያትን አብሮ ሲል እኔም ከአዛውንቱ ጋር ቆሜ እላለሁ። ሕዝቡ አሜን ሲል እኔ ገና መካከሉ ላይ ነኝ። ካህኑ የቸኮሉ መሰለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥሁ። ካህኑ አልቸኮሉም። እኔ ነኝ ሁለት ቃል ብዬ የምተነፍስ፤ ከጥርሴም የቀረው ጥቂት ስለሆነ ቃሉን ፈልጌ ነው የማወጣው። አጠገቤ ያለው ሽማግሌም ወደ ኋላ ቀርቶ እያጉተመተመ ነው። ይህ መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ቤት ውስጥ ለብቻው የሚጸልይ ሰው መዘግየቱን ማን ይነግረዋል?

እንግዲህ መኪናው በድሮው ልክ አልነበረም። በኔ በአሁኑ ልክ ነበር። የለካሁበት ገመድ ራሱ ተለጥጦ ኖሯል።

አሁን ምን ላድርግ? አዲሱ ማሽን አሮጌ ነኝ እያለ ነው፤ ጨዋታው ዘመኑ አልተለወጠም ብሎ ያምናል፤ እኔ ደግሞ በሐሰት ምያለሁ፣ ግን ሳልዋሽ ነው። ጥሩወርቅን አማከርኋት። እጁ እየተመለሰ ነው፣ ለምን ይነካል አለች። ከነገሩት ይተወዋል፣ እጁም እንዲሁ ይቀራል ብላ ፈራች። ልክ ነች። ግን እኔ ያን ቀን ቤቱ ድረስ ሄጄ የማልሁለት ወዳጄ ነው። ቅዱስ ጠርቼ የማልሁትን ነገር ሐሰት መሆኑን ካወቅሁ በኋላ በየቀኑ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ማየት አልሆነልኝም። ብነግረው እጁን እጎዳለሁ፤ ብተወው እሱን እንደ ልጅ አደርገዋለሁ። ያን ቀን የራዲዮ ካፓሲተር ስቀይር፣ ሐሳቤ ከሥራው ርቆ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሁለት ጊዜ ገልብጬ በየድሁት።

በመጨረሻ ብየዳዬን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«አስማረ፣ በድሮው ልክ ነው ብዬ የማልሁልህ ነገር ሐሰት ኖሯል። ጸሎቴ ዘግይቷል፤ መኪናውም በኔ ምክንያት ዘግይቷል።»

ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። መኪናው ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ሊማሊሞን ስወርድ የኖርሁ ሰው መኪና በስንተኛ ማርሽ እንደሚሄድ ይጠፋኛል?»

ለበሽተኛ አቅልላችሁት ከሆነ አልመጣም ብለህ አልነበረም ወይ አልሁት። መኪናውን እስከ ድልድዩ አውርዶ አቆመና ወደኔ ዞረ።

«አውቀህ አዝነህልኝ ብታቀልልኝ ኖሮ አልቀመጥም ነበር» አለ። «አንተ ግን ልክ ነው ብለህ አምነህ ነው የመጣህ። አንተም እንደኔ ዘግይተሃል፤ ግን አላወቅህም። ከእኩያ ጋር በአንድ ማርሽ መውረድ አያሳፍርም።»

እሱ ተመልሶ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

«ካነሣኸው አይቀር፣ አንድ ጨምርልኝ» አለ።

ኮንትሮልን ይዤ ኤፍ አሥራ ሁለትን አንድ ጊዜ ነካሁ። መኪናው ተነሣ፤ አንደኛው መታጠፊያ ላይ ገደል ገባ። እንደገና አስነሣው። እንደገና ገባ። ዘንድሮ አፈር ልንበላ ነው አለና ጣቶቹን አፍታትቶ እንደገና ያዘ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ሲለኝ አንድ እጨምራለሁ፤ ሲደክመው አንድ እቀንሳለሁ። ቁልፉን የሚነካው በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ ነው፤ የቀለበት ጣቱ ገና ናት። ሀብታሙ የድሮው ፍጥነት ላይ ገና አልደረሳችሁም ይላል። የድሮው ፍጥነት የቱ እንደነበረ ግን እሱ በልጅ ጣቱ ያስታውሳል፣ እኔ በሽማግሌ ጸሎት፣ አስማረ በአውቶቡስ መሪ። ሦስታችን አልተስማማንም፤ ማሽኑም አይናገርም።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። አሮጌ ጨዋታ በአዲስ ማሽን ስታስነሡ ፍጥነቱን ዛሬ ቁልፉን ለሚነካው እጅ አስተካክሉ። እጁ ሲበረታ ጨምሩለት።